የኮልያ ማንኪያ

ባለፈው ጥር ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። የድሮ ቤታችንን የተከራየችው ሴት የጉድጓዱን ክዳን ፈቀቅ ስታደርግ አጠገቧ ቆሜያለሁ። የረጠበ ገመድ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከሥር ደግሞ የቀዝቃዛ ጭቃ ሽታ ወጣና ፊቴን መታኝ። ሴትዮዋ የተጠየፍሁ መሰላት። «ውኃው ንጹሕ ነው፤ የሚሸተው ክዳኑ ነው» አለችኝ። ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት፣ ያ ሽታ ከሩቅ ሲመጣ እያወቅሁት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

አባቴ ይበልጣል ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እናቴን ጥሩወርቅን አግብቶ ፍኖተ ሰላም ጎጆ ወጣ። ባሕር በሌለበት አገር ጠላቂ ምን ይሠራል? አባቴ ጉድጓድ ይገባ ነበር። በጋው ሲጠና የየግቢው ውኃ ወደ ታች ይሸሻል፤ ገመድ ይበጠሳል፣ ባልዲ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ዶሮ። ያን ጊዜ እኛ ቤት ልጅ ይላካል፤ «መርከበኛውን ጥሩልን!» ይባላል። አባቴ በቁምጣ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የተፈለፈለውን መርገጫ እየረገጠ ይወርዳል። ውኃው ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ይውጥና ይጠፋል። እኛ ልጆች አፋፉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ጨለማውን እናያለን። ሲወጣ እስከ ጆሮው ጭቃ ነው፤ ጥርሱ ብቻ ነጭ።

በዚያ ዕድሜዬ ጉድጓድ ሁሉ ከሥሩ ከባሕር ጋር የሚገናኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ መንገዱን ስለሚያውቅ በእኛ ሰፈር ገብቶ ምጽዋ ደርሶ የሚመለስ። ለጓደኞቼም እንዲሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አምነውኛል።

ማንኪያው የተሰቀለው ግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። የአሉሚኒየም ነው፤ ከእኛ ማንኪያ ወፈር ይላል፤ አፉ በአንድ ወገን ተበልቶ ሳስቷል። እጀታው ላይ በምስማር የተጫረ፣ ማናችንም የማናነበው ጽሕፈት አለ፤ አባቴ ፊደሉን ረስቼዋለሁ ይላል። ስለ እሱ አባቴ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሩሲያ ስማር አንድ ሰርጓጅ መርከብ ሰጥሞ ነበር። ከባሕር ሲወጣ እኛም ሠርተናል። አዛዡ የሸለመኝ ነው።» ከዚያ ሌላ ወሬ ያነሣል።

አንድ ቀን፣ «አባየ፣ ሰርጓጅ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ መርከብ።»

«ታዲያ መስጠም ሥራው ከሆነ ለምን አወጣችሁት?»

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ገመዱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ወጣ። እኔም «ጀግና ስለ ጀግንነቱ መናገር አይወድም» ብዬ ኮራሁ።

እናቴ ማንኪያውን እንደ ታቦት ነበር የምትይዘው። ስታመም መድኃኒት የምትሰጠኝ በሱ ነው። የጎረቤት ሴቶችም ያዩና፣ «ያንን የጀግና ማንኪያ እስቲ አውሽኝ» ይሏታል። እትየ አገሬ የምትባል ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ሴት ምንም የማያፋፋው ልጅ ነበራት፤ ሽሮፑን በሌላ ማንኪያ አልውጥ ብሎ በኛው ነበር የሚጠጣው። ጅጋ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱት እማማ ሉባባም የልጅ ልጆቻቸው ሳል ሲይዛቸው ይልኩብናል፤ ማሩን በጥቁር አዝሙድ አድርገው የሚያልሷቸው በሱ ነው። ማንኪያው ከቤት ቤት ሲዞር ይሰነብትና ታጥቦ፣ አብረቅርቆ፣ ወደ ምስማሩ ይመለስ ነበር።

የዚያ ዓመት ቅበላ ቤታችን ሰው ሞላ። በማግሥቱ ጾም ሊያዝ ነው፤ እናቴ ዶሮም በግም አዘጋጅታለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ወርቁ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትየ አገሬ ልጇን አቅፋ መጥታለች። አዲስ እንግዳም ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ በቅርቡ ከቡሬ ተዛውረው መጥተው ነው። ሩሲያ ብዙ ዓመት ተምረዋል ተብሎ ስለተወራ እናቴ እሳቸውን ለመጋበዝ ሁለት ጊዜ ልጅ ልካለች።

ምግቡ ተነሥቶ ጠላው ሲቀጥል እናቴ ማንኪያውን ከምስማሩ አወረደችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ፊደላቸውን ያውቁታል አሉ። ይኸን የባለቤቴን ሽልማት እስቲ ያንብቡልን።»

«ተይው፣ ጥሩወርቅ» አለ አባቴ። «ሰውየው ይጫወቱ።»

«ምናለበት? እስከ ዛሬ የሚያነብልን ጠፍቶ እኮ ነው!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ትሕትና መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ማንኪያውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ሳቁ።

«ይኸማ የወታደር ቀልድ ነው! ‹የኮልያ ነው። ሌባ፣ ወደ ቦታው መልስ!› ነው የሚለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይን ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አባቴ ዞረ። እሱ አልሳቀም።

«ኮልያ የአዛዡ ስም ነው አይደል?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጠነብኝ። ዛሬ ሳስበው በር ከፍታለት ነበር፤ «አዎ» ቢል ያልፍ ነበር። እኔም በልቤ «አዎ በል፣ አባየ፣ አዎ በል» እያልኩ ነበር።

አባቴ ቀና አለ። «አዛዡ አይደለም» አለ። «እመርከቡ ውስጥ የሞተ ልጅ ነው። ማንም አልሸለመኝም። ሰርቄው ነው።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እትየ አገሬ ናት። ልጇን ወደ ደረቷ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

«ልጄን በሬሳ ማንኪያ ነው ሳጠጣው የኖርሁት?»

ተነሣች። ደፉ ላይ ስትደርስ ምራቋን እንትፍ አለችና ወጣች። ከዚያ አንዱም ሌላውም «እንግዲህ እንዳይመሽብን» እያለ ተነሣ፤ ፀሐይዋ ግን ገና አልጠለቀችም። መምሬ ወርቁ የመጨረሻው ነበሩ። መስቀላቸውን እናቴን አሳለሟት፣ እኔንም አሳለሙኝ፤ አባቴ ዘንድ ሲደርሱ እሱ ራሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ሰኞ ከመቀመጫዬ አጠገብ የነበረችው ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረች። በዕረፍት ሰዓት ቆሎዬን ይዤ ብዘረጋ ማንም አልዘገነልኝም። «የሬሳ ማንኪያ» ነበር ስሜ። መምህራችን እንኳ አንድ ቀን ተሳስተው በዚሁ ስም ሊጠሩኝ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ «ባንቺአምላክ» ብለው አረሙት። የክፍሉ ልጆች ገባቸውና ወንበር እየመቱ ሳቁ። የጉድጓዱን መንገድ፣ የምጽዋውን፣ ያመኑኝ ጓደኞቼ ናቸው አብዝተው የሳቁት።

እትየ አገሬ ልጇን ጠበል አስጠመቀች። ሌሎቹም ሴቶች ዕቃቸውን በአመድ አሹ ተባለ። አንድ ቀን ከአጥር ማዶ ባልዲ ሲወድቅ ሰማን፤ ገመዱ ሲበጠስ፣ ባልዲው ውኃውን ሲመታ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣና ቆመ። የሚጠራው ሰው ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በማግሥቱ እትየ አገሬ ከገበያ አዲስ ባልዲ ገዝታ ስትመለስ አየናት።

እናቴ ከአባቴ ጋር አትነጋገርም። እሱ እዚያው ተቀምጦ፣ «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች። እኔም ዞሬ፣ «አባየ፣ ምሳ ቀርቧል» እላለሁ። እሱም «እሽ በያት» ይላል። ማንኪያው ከምስማሩ ወርዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማር ደግሞ ከማንኪያው ይበልጥ ይታየኝ ጀመር። ማርያምን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ከብዙ ልጆች ጋር አስፋልቱን ይዤ ስመጣ አባቴ ከፊት ለፊት ሲመጣ አየሁት። ከተማው ዳር አንድ ሰው አሠርቶት ኖሯል፤ ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሏል፣ ሱሪው ጭቃ ነው። ልጆቹ ሲያዩት ምን እንደሚሉ ዐውቃለሁ። ወዴት እንደምገባ ግራ ገብቶኝ ቆምሁ። እሱ ከሩቅ አየኝ፤ ከኔ ጋር ያሉትንም አየ። ወዲያው፣ ዕቃ የረሳ ሰው ይመስል ደረቱን ዳሰሰና መንገዱን ተሻግሮ በማዶ በኩል አለፈ። ዘወር ብሎም አላየኝም። ልጆቹ አላዩትም። ያን ቀን በእሱ ማፈሬ ቀረና በራሴ አፈርሁ፤ አባቴ እኔን ከራሱ ሲደብቀኝ አየሁ።

ቅዳሜ ነው። እናቴ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አባቴ ገመዱን ፀሐይ ላይ ይዘረጋል። በመካከላቸው እኔ ነኝ። እናቴ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣ በኔ በኩል ሳይሆን ራሷ፣

«መስረቁንስ ሰረቅህ። እኔን ለምን ዋሸኸኝ?» አለችው።

አባቴ የገመዱን ጫፍ ለቀቀ። ሲናገር ወደ ጉድጓዱ እያየ ነው።

«መርከቡን ያወጡት የነሱ ጠላቂዎች ናቸው። እኛን የጠሩን በመጨረሻ ነው፤ ወደቡ ዳር ያፈሰሱትን ጭቃና ስብርባሪ በአካፋ መኪና ላይ እንድንጭን። ‹የሰው ዕቃ ካገኛችሁ እዚህ ሸራ ላይ አስቀምጡ፤ ለቤተሰብ ነው› አሉን። ሸራው ላይ ቀበቶ አለ፣ ጫማ አለ፣ ማበጠሪያ አለ። እኔ ማንኪያ አገኘሁ። ጭቃውን ስጠርገው እንደ አዲስ አበራ። ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ ጫማዬ ውስጥ ከተትሁት። ወደ አገር ቤት ምን ይዘህ መጣህ ሲሉኝ የማሳየው ብዬ ይሆናል። ልጅ ነበርኩ።»

«እሽ» አለች እናቴ።

«ስንወጣ የወደቡ በር ላይ ሴቶች ቆመዋል። በረዶ ነው። እናቶች ናቸው። የሚወጣውን ሰው ሁሉ እጅጌውን እየያዙ ስም ይጠራሉ፤ ስም ብቻ። አንዷ እኔን ያዘችኝ። እጄን ገልብጣ መዳፌን አየች፤ የያዝሁት ካለ ብላ። ቋንቋቸውን ገና አልለመድሁም፤ ‹የለም› ማለት ግን ዐውቅ ነበር። ‹የለም› አልኋት። ማንኪያው ቁርጭምጭሚቴን እየቆረቆረኝ። ለቀቀችኝና ሌላውን ያዘች።»

«የኮልያ እናት ናት?»

«አላውቅም። ኮልያ ከሴቶቹ ያንዷ ልጅ ነው። የየትኛዋ እንደ ሆነ አላውቅም። ፊደሉን ለይቼ ያነበብሁት ከወራት በኋላ ነው። ብመልሰው ይከሱኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንች ‹ምንድን ነው?› ስትይኝ ሽልማት አልሁ። አንዴ ካልሁ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰቀልሽው።»

እናቴ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ጠጠር ያገኘች ጊዜ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ በኩል ትወረውራለች።

እኔ መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። «አባየ፣ ላህ ወንዝ ውስጥ ብንጨምረውስ? ላህ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ ባሕር ይገባል ብለውናል። ኮልያ ያገኘዋል።»

አባቴ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ግን አልሆነለትም። «መጣልማ ሁለተኛ መስረቅ ነው፣ ባንቺ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ማንኪያውን መላክ ይቻል እንደሆነ ጋሽ ደምሴን ሄዶ ጠየቃቸው። እኔም ተከትዬው ነበር። መላኪያ እንደሌለው ነገሩት፤ የከተማው ስም ተለውጧል፣ ኮልያ የሚባል ደግሞ በዚያ አገር እንደ አሸዋ ነው። «ግን ኮልያ የቁልምጫ ስም ነው፤ ሙሉ ስሙ ኒኮላይ ነው» አሉት። የተሰማቸው ኀፍረት ከእኛ አያንስም ነበር። «ያን ዕለት አፌን ምን ከፈተው!» እያሉ እስከ በር ሸኙን።

ከዚያ መምሬ ወርቁ ዘንድ ሄድን። አባቴ ጫማውን አውልቆ በደጃቸው ቆመ።

«አባቴ፣ ለዚያ ልጅ ተዝካር ላውጣለት ብዬ ነው።»

መምሬ ቀና ብለው አዩት። «ክርስቲያን ይሁን አይሁን በምን ዐወቅህ?»

«በሩ ላይ ሴቶቹ ሲያማትቡ አይቻለሁ። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያማትቡ፤ ማማተቡን ግን ያማትባሉ።»

«ስሙስ?»

«ኒኮላይ ነው አሉኝ።»

«ኒቆላዎስ» አሉ መምሬ ለራሳቸው። ስሙን ሲያውቁት ፊታቸው ላላ። «ስሙን በጸሎት እጠራለታለሁ። አንተም የአቅምህን አብላ። ማን ይመጣልሃል ግን፣ ይበልጣል?»

«እንጃ፣ አባቴ።»

ለተዝካሩ የተቆረጠው ሰንበት ደረሰ። ጾም ስለ ሆነ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ምስር ወጥ ነው የተዘጋጀው። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ሠርታለች፤ አሁንም ግን አባቴን አታናግረውም። ደጁ ላይ ዳስ መሰል ሸራ ተወጥሯል፤ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። መምሬ ወርቁ ከቅዳሴ መልስ መጥተው ጸሎት አደረሱና አንድ ቁራሽ ዳቦ ቀምሰው ተቀመጡ። ከዚያ ጠበቅን።

ባዶ አግዳሚ እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር። ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነው፤ ሸራውን ያያል፣ እግሩን ፈጠን ያደርጋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ ጫማ አያለሁ፤ ከጫማ በላይ ቀና ማለት አልቻልኩም። ንፍሮው ላይ ዝንብ ማረፍ ጀመረ።

መጀመሪያ የገቡት እማማ ሉባባ ናቸው። የገበያ ሻሻቸውን ጠቅልለው፣ ከዘራቸውን ይዘው። መምሬን «እንደምን ዋሉ?» ብለው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ።

«የጾም ነው አይደል? እበላለሁ» አሉ። «በዚያች እናት ልጅ ማንኪያ የልጅ ልጆቼን ማር አልሻለሁ። ዝምድና አለን።» ከዚያ አባቴን፣ «ለመሆኑ እናትየው ማን ትባላለች?» ብለው ጠየቁት።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ታዲያ ለቅሶው የማን ነው? እግዜር ያጥናችሁ የምንለው ማንን ነው?»

ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ወጣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ፣ ልጅ እንደ ሞተባት ሴት አድርጋ ለበሰችው። ምንጣፍ ይዛ በእኛ በር አልፋ ወጣች፤ መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አነጠፈችና ተቀመጠች።

«እኔን በሉ» አለች። «ኒቆላዎስ የሞተብኝ እኔ ነኝ።»

በእኛ አገር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ሴት እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተጣላም አያልፍም። ሁለት ሴቶች ሊያልፉ ሲሉ እግራቸው እንቢ አላቸው። ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናሽ፣ ጥሩወርቅ» አሏት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ግቡ» አለቻቸው። ገቡ። ከኋላቸው ሦስት መጡ፤ ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከባለቤታቸው ጋር፤ ከዚያ አግዳሚው ሞላ። የክፍሌ ልጆች እናቶችም ነበሩባቸው። እኔ አሁን ደግሞ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ስላረፈ የምገባበት ጠፋኝ።

አባቴ አልተቀመጠም። ማስታጠቢያውን ከወጥ ቤት አምጥቶ፣ ፎጣ በክንዱ አድርጎ እያንዳንዱ እንግዳ ዘንድ ጎንበስ እያለ ያስታጥባል። ይኸ የልጆችና የሴቶች ሥራ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሠራው አይቼ አላውቅም። እንግዶቹም ተጨንቀው፣ «ኧረ ተው፣ ይበልጣል» ይሉታል። «እባካችሁ ታጠቡልኝ» ይላል እሱ፤ ሌላ ነገር አይናገርም።

መጨረሻ ላይ እትየ አገሬ መጣች። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ከእናቴ ፊት ቆመች፤ ሁለቱም ተያዩ። እትየ አገሬ ጎንበስ አለችና «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እስከዚያ አንድ ጠብታ አላወጣችም።

እትየ አገሬ ገብታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። አባቴ ማስታጠቢያውን ይዞ ሄደ። ፊቷ ሲደርስ ቆመ። ዳሱ ሁሉ እሷን እያየ ነው። እትየ አገሬ ፊቱን አላየችውም፤ ጭራሽ ወደ ጎን ዞራ የልጇን ጋቢ አስተካከለች። ከዚያ፣ እንደ ዞረች፣ ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

አባቴ ዝቅ ብሎ አፈሰሰላት።